ሐረጎ ላይ የቆመው ሚኒባስ

ያዕቆብ ሐረጎ ቁልቁለት መሃል ሚኒባሱን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱት ተሳፋሪዎች ጎማ የፈነዳ መሰላቸው።

«ሾፌር፣ ምን ሆነ?»

«መንዳት አልቻልኩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ረዳቱ ዘካሪያ ሰዎቹን ከኋላ በመጣ ሌላ ሚኒባስ አሳፈራቸው። ያዕቆብ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ወሽቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዘካሪያ ፊቱን ሲያይ ለያዕቆብ ሚስት ለሔርሜላ ደወለ።

ሔርሜላ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ቤቷ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች።

«አሞህ ነው?»

«መሪውን ልቀቀው፣ ልቀቀው አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ጭኜ እኮ ነው፣ ሔርሚ። ደንግጬ አቆምኩት።»

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቷል። ምግቡ ገለባ ገለባ ይለዋል። ልጁ ስትስቅ እንኳ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ሔርሜላ ድካም ነው ብላ አለፈችው። የቤተ ክርስቲያናቸው ወንድሞች እጅ ጭነው ጸለዩለት፤ አንዱ ሲወጣ ግን «እምነትህን አጠንክር» አለው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ለመደ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምነት የለውም እንዳትይኝ ፈርቼ።»

ሔርሜላ ክንዱን ያዘችው። «እናቴ እየጸለየች የስኳር መርፌዋን ትወጋ የለ እንዴ? ተነስ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን።»

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አሚና ትባላለች፤ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ሁሉንም ካዳመጠችው በኋላ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ዛሬ» አለ። የቀረውን እንባው አላስጨረሰውም።

«ሕመም ነው፤ ድብርት ይባላል። ስንፍና አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ይታከማል» አለችው። «መድኃኒቱ ግን ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። አልተሻለኝም ብለህ እንዳታቋርጥ። እየመጣህ እናወራለን። እስከዚያ ብቻህን አትሁን፤ መኪናም አትንዳ።»

ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው እንደገቡ የመኪናው ባለቤት አቶ ምንይሉ ደወሉ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር፤ ሔርሜላ ልጃቸውን አቅፋ ትሰማለች።

«ዘካሪያ አሞታል አለኝ፤ ምን ነካህ፣ ያዕቆብ? እንደ ሾፌሩ ሁሉ ወገብህ ነው አይደል?»

ያዕቆብ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«ወገቤ አይደለም። ድብርት ነው፤ ሕክምና ጀምሬያለሁ። ሐኪሟ እስክትፈቅድልኝ መሪ አልይዝም።»

አቶ ምንይሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ፣ ይሄ ወሬ መናኸሪያ ከደረሰ ማንም መኪና አይሰጥህም። ወገቡን አሞት ነው ብዬ ላውራልህ?»

ያዕቆብ ቀና አለ።

«አይ፣ ጋሽ ምንይሉ። የጠየቀዎት ካለ እውነቱን ይንገሩልኝ።»