የግራሩ ቀዳዳ

ባለቀይ ምንቃሩ ወፍ ፌንጣ ይዞ መጣና የግራሩ ግንድ ላይ ተለጠፈ። የግንዱ ቀዳዳ በጭቃ ተመርጎ፣ የቀረው ሁለት ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከስንጥቁ ውስጥ ሌላ ምንቃር ብቅ አለ፤ ፌንጣውን ተቀበለና ተመልሶ ጠፋ። ወንዱ ክንፉን አራገፈና ሄደ። ወደፈለገበት ሄደ።

ደስታነሽ ከጓሮው በር ቆማ ይህን ስታይ ጥርሷን ነከሰች። ሴቷ የገባችው በሁዳዴ ነበር። ወንዱ ጭቃ በምንቃሩ ሲያመላለስ፣ ቀዳዳው በየቀኑ ሲጠብብ በዓይኗ አይታለች። እነሆ ፋሲካም አልፎ፣ ዝናቡም ወርዶ፣ ሴቷ ፀሐይ አላየችም። ምግቧ ግን አንድ ቀን ተጓድሎ አያውቅም።

«ምን ጎደለብሽ?» ብሏት ነበር ባሏም ትናንት ጠዋት።

ኃይለመስቀል የችሎት ጸሐፊ ነው። ዳኛውን ተከትሎ ለሦስት ቀን ወደ አሬሮ ሲሄድ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ላምባውን አሟልቶ፣ በርሜሉን ውኃ አስሞልቶ፣ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጅብ እንዳይገባ ነው አላት። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ነገሌ ከተማ መሀል ምን እንደሚሠራ አልነገራትም። የተቆለፈው ስለ ጅብ ሳይሆን ስለ ደብዳቤው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ደብዳቤው ሚያዝያ 16 ቀን 1955 ዓ.ም. የተጻፈ ነበር። የአንደኛ ክፍሉ አስተማሪ ወደ ፊልቱ ተዛውሮ ቦታው ባዶ ሆኗል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ገብረወልድ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ከተማው ውስጥ መኖሯን ሰምተው፣ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቀርባ ካላነጋገረቻቸው ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡት ጽፈውላታል። ባሏ አነበበው፤ አጠፈው፤ የዶሴ ሻንጣው ውስጥ ቆለፈበት። «ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት» አለና ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ዛሬ ቅዳሜ ሆኖ፣ ከቁልፉም ከሻንጣውም ይልቅ የሚያንገበግባት ያ ሳቋ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ወተት የሚያመላልሱት አዴ ዲንቄ መጡ። በሩን ገፋ አድርገው አልከፈት ሲላቸው በእሾሁ አጥር ዞረው፣ ቅርንጫፎቹ የሳሱበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ናጋ ነው? በሩ ምን ሆነ?»

ናጋ ነው አለች ደስታነሽ፤ ድምፅዋ ግን ሰላም አልነበረውም። ቁልፉን ነገረቻቸው፤ ሳታስበው ደብዳቤውንም ነገረቻቸው። አዴ ዲንቄ ሰምተው ሲያበቁ በበትራቸው እሾሁን ነካ ነካ አደረጉና ቅርንጫፎቹን ጎትተው ሊያስወጧት እንደሚችሉ ነገሯት። ደስታነሽ ደነገጠች። ይተዉት፣ ጠብ ይሆናል፣ እግዜር ያመጣውን እሱ ይመልሰው አለች። ይህን ስትል ራሷን ጠላች። ጣሳዋን በእሾሁ መሀል አሾለከች፤ አሮጊቷ ከወተት ጮጯቸው ቀዱላት። ጣሳውን ወደ ውስጥ ስትስብ ዓይኗ ግራሩ ላይ አረፈ።

ወተቱን መሬት አስቀመጠች። የባሏን በር መስበር አትደፍርም፤ የወፉን ግን ትደፍራለች። ከጓዳ ገጀራውን አመጣች፤ ከግንዱ ሥር የላምባ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበት፤ ጭቃውን በገጀራው ጫፍ መታችው። ጭቃው ደርቆ ጡብ ሆኗል። ደግማ መታችው። በእያንዳንዱ ምት በልቧ ባሏን ትሰድባለች፤ ስሙን ከነአባቱ ትጠራለች።

«ዲሲ! ተይ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። አልሰማችም። ጭቃው ተፈርክሶ ወደቀ።

ወፊቱ አልበረረችም። ጅራት የላትም፤ የክንፏ ላባ ገና እያቆጠቆጠ ነው። ከሆዷ ሥር ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት ራቁት ጫጩቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ ዙሪያቸውን የረገፈ ላባ ተነጥፏል። ደስታነሽ ልታወጣት እጇን ስትሰድ ወፊቱ ጣቷን ነከሰቻት፤ ደም ወጣ።

«ክንፏንም ነጭቶታል» አለች።

አዴ ዲንቄ ከአጥሩ ወዲያ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ተቆጥተዋል።

«ማን ነው የነጨው? ራሷ ናት የጣለችው። እሱ ጭቃ ያቀብላል እንጂ የምትመርገው እሷ ናት፣ ከውስጥ። እባብ ልጆቿን እንዳይበላ። ላባዋ ሲበቅል ራሷ ሰብራ ትወጣለች፤ ማንም አይከፍትላትም።»

ደስታነሽ ከሳጥኑ ወረደች። ወንዱ እንሽላሊት ይዞ መጥቶ ነበር፤ አያትና ወደ ቤቱ ቆርቆሮ ሸሸ። ቤት ገብታ በመስኮት ጠበቀችው። ቤቱና ግራሩ በአምስት እርምጃ ነው የሚራራቁት፤ ወፉ መስኮቱን እያየ ከቆርቆሮው ጫፍ ወደ ጫፍ ተንቆራጠጠ፤ በመጨረሻ እንሽላሊቱን እንደያዘ በረረ።

«አንቺ ግቢ ውስጥ ካለሽ አይመጣም» አሉ አዴ ዲንቄ ከአጥሩ ወዲያ። «ዛሬ አስደንግጠሽዋል። ልጆቹ ይራባሉ።»

እዚያው መስኮት ሥር ቁጭ አለችና የተነከሰ ጣቷን አየች። በወፉ ተናደደች፤ በአሮጊቷ እውነት ተናደደች። ወፊቱስ የተመረገችው ለሦስት ልጆቿ ብላ ነው። እኔስ ለማን ብዬ ነው? በሩን የቆለፈው እሱ ነው፤ ያን ሳቅ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ሲያቀብል ስመርግ ኖሬያለሁ አለች በልቧ። ባሏን ተከትሎ የሄደው ቁጣዋ ከአሬሮ መንገድ ተመልሶ ገና አሁን ቤት ገባ።

ብድግ ብላ ገጀራውን ያዘች፤ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። አዴ ዲንቄ አካሄዷን አይተው በትራቸውን እሾሁ ውስጥ ሰደዱ፤ ሊጎትቱላት ነው።

«ይተዉት፣ አዴ ዲንቄ» አለች። «ከዚህ በኩል ነው የምቆርጠው።»

አሮጊቷ በትራቸውን መለሱ። ደስታነሽ ቅርንጫፉን መታች፤ እሾሁ እጅጌዋን ተረተረው፤ ክንዷን ከላይ እስከ ታች ጫረው። አላቆመችም። ጎንበስ ብላ የምታልፍበት ያህል ሲከፈት በጉልበቷ ዳኸችና ወጣች። ነጠላዋ እሾሁ ላይ ተይዞ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም።

አዴ ዲንቄ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ባልሽስ?»

«ሲመጣ ቀዳዳውን ያየዋል።»

ከኋላዋ፣ ከግቢው፣ የክንፍ ድምፅ መጣ። አሮጊቷ በአጥሩ አጮለቁና ተመልሶ መጣ አሉ፤ ወንዱን ማለታቸው ነው። ወፊቱም ጭቃዋን መመረግ ጀምራለች አሉ። ደስታነሽ ዞራ ልታይ ፈለገች፤ ከገበያው ማዶ የትምህርት ቤቱ የብረት ደወል ሰዓቱን ሲመታ ግን መቁጠር ያዘች። አንድ፣ ሁለት ብላ ሳትጨርሰው ተወችውና ቁልቁል ሮጠች። የግመል ገበያተኞች መንገድ እየለቀቁ ወደ ዳር ሲሸሹላት ለምን እንደሆነ አልገባትም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሳ ዘበኛው ዓይኑን እጇ ላይ ሲተክል ነው ገጀራውን እንደያዘች ያወቀችው።

አልጣለችውም። አቶ ገብረወልድ አሉ ወይ ብላ ጠየቀችው።