በ1974 የሚያልቀው መስመር

ከጣቢያው የሚነሳው የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚያልቀው በ1974 ዓ.ም. ነው። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በብረት ማማዎች ላይ ይሄድና አንድ ኮረብታ ዞሮ ዓመቱ ውስጥ ይገባል። ቀንና ሰዓቱ እዚያም እዚህም እኩል ነው። ለዓመታት ሲሠራ የኖረ መስመር ስለሆነ ማንም አልተከራከረበትም። ያረጀው ኮንቨርተሩ ነበር፤ ተለዋጩን የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውን ወደ ተለዋጭ የሚቀይረው መሣሪያ። ምትኩን እንድትመርጥ የተመደበችው ኢንጂነር ስንዱ ዘርጋው ናት።

ስንዱ ምርጫውን ሦስት ወር አቆየችው። እውነቱን ለመናገር ከመስመሩ ስልክ ላለመራቅ ሰበብ ነበር። ማዶ፣ በ1974፣ ተረኛ ሆኖ በየሰዓቱ በመስመር ስልክ ንባብ የሚያስተላልፈው አባቷ ነው። እሱ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ሃምሳ ሁለት። ልጁ መሆኗን አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም። ቁጥሩን ያነባል፣ ትደግምለታለች፣ "ልክ ነው፣ እመቤቴ" ይላል። ለዚያች "እመቤቴ" ስትል ምሳዋን ትታ ስልኩ አጠገብ ትውላለች። ናፍቋታል፤ ሌላ ስም የለውም።

ኮሚቴው ያዘነበለው ወደ ነባሩ ዓይነት፣ ወደ ታይሪስተር ኮንቨርተር ነበር። የተፈተነ ነው፣ ብዙ ኃይል ይሸከማል፣ ብክነቱም ትንሽ ነው። ሰብሳቢው አቶ ግዛቸው ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያሉ ቀለዱ። ታይሪስተሩ ግን የሚሠራው የማዶው የኤሌክትሪክ ኔትወርክ በሕይወት ካለ ብቻ ነው፤ ማዶ ከጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በትራንዚስተር የሚሠራው አዲሱ ዓይነት የጠፋ ኔትወርክን ከዜሮ ያስነሳል።

ስንዱ ደግሞ ግንቦት 11 ቀን የማዶው ኔትወርክ እንደሚጠፋ ታውቃለች። አባቷ ወንበሩ ላይ እንዳለ የሞተው በዚያው ሰዓት ነው። ቤተሰቡ "መብራቱና እሱ አብረው ሄዱ" ሲል አድጋለች፤ እንደ መሐንዲስም አንዱ ካልሄደ ሌላው አይሄድም ብላ ደመደመች።

አዲሱን ዓይነት መረጠች። ሰብሳቢው ምክንያቷን ጠየቋት።

"ማዶ ያለው ኔትወርክ ደካማ ነው" አለች። "ሲወድቅ የሚያነሳው ያስፈልገዋል።"

ውሸት አልነበረም። ፈረሙላት።

ግንቦት 11 ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማዶው ጠፋ። አዲሱ ኮንቨርተር ሳያንገራግር ቮልቴጁን ከዜሮ አንስቶ በአርባ ሰከንድ ሞላው። ስልኩ ጮኸ። አባቷ ዘርጋው ንባቡን ሰጣት፣ ደገመችለት፣ ልክ ነው አላት። ስንዱ በደስታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የአንድም ሰዓት ንባብ አላሳለፈም። ስለ ምግብም ስለ እንቅልፍም አላነሳም። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ንባቡን ሰጥቶ ስልኩን አልዘጋም።

"እመቤቴ፣ ተረካቢ ይላኩልኝ" አለ። "ተረካቢ ሳይመጣ ተረኛ ወንበሩን እንደማይለቅ ያውቃሉ። በጣምም በርዶኛል።"

ሰው አጠገቡ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ባለቤቱ መጥታ አልቅሳ እንደሄደች፣ ሰዎችም ከወንበሩ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው እንደወጡ ነገራት። ድምፁ ቅሬታ የለበትም።

"አሁን በመስኮት ይታዩኛል" አለ። "ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው። ትንሿ ልጄ ወደ ኋላ ቀርታ ወደ እኔ ታያለች።"

የስንዱ እጅ የኮንቨርተሩ ማጥፊያ ላይ አረፈ። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ከለቀስተኛው ወደ ኋላ ቀርታ የጣቢያውን መስኮት አይታ ነበር፤ ጨለማ ነበር። አሁን ስታስታውሰው አምፖሉ በርቷል፤ ከሥሩም ስልክ ጆሮው ላይ የያዘ ሰው እጁን እያነሳላት ነው።