የሟች እናት ትጠየቅ

ናዝራዊት አፏ አያርፍም ነበር፤ እውነቱ ይነገር። ነቀምቴ ባለው የፈረንጆች ድርጅት በአስተርጓሚነት ስትሠራ «ሴት የማትናገርበት ሽምግልና ምኑ ሽምግልና ነው!» እያለች የአገሩን ሽማግሌዎች ስታማ ኖራለች። ዛሬ ግን እነዚያው ሽማግሌዎች አኖ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ዋርካው ሥር የተቀመጡት ለወንድሟ ለነብዩ ነው።

ነብዩ በባጃጁ የአዴ ድርቤን ልጅ ቀነአን ገጭቶ ገድሏል። ፍርድ ቤት በዋስ ቢለቀውም የሟች ወንድሞች አልለቀቁትም፤ ከቤት ብቅ ካለ አለቀለት። እርቁ ከወረደ ይተርፋል። ካልወረደ፣ የእነ ናዝራዊት አያት ከጎጃም የመጡ ናቸውና፣ ነገሩ የአንድ ባጃጅ መሆኑ ቀርቶ የጎጃሜና የኦሮሞ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ማን ይመልሰዋል?

ድርጅቱ «እነዚህን ሽማግሌዎች እንደግፍ ወይስ እንተው?» ብሎ አንድ ፈረንጅ የሕግ ሊቅ የላከው በዚሁ ቀን ሆነ። ናዝራዊት ጉዳዩ የወንድሟ መሆኑን ደበቀችው፤ ብትነግረው ሌላ አስተርጓሚ ይዞ ይመጣ ነበር። ከወንዶቹ መሐል እንድትቀመጥ የተፈቀደላትም በዚሁ ሥራዋ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ከአጥሩ ወዲያ ናቸው።

የሽማግሌዎቹ ዳኛ ኦቦ ዋቅወያ መርቀው ጀመሩ። የሟች አጎት ተረፋ ተነሥቶ በእናቲቱ ስም «ለዋቃ፣ ለፈጣሪ ብለን ትተናል» አለ። በጉ ቀርቧል፤ ከታረደ ደም ደረቀ ማለት ነው። ናዝራዊት እፎይ ልትል ነበር።

ፈረንጁ እጁን አነሣ። «እናቲቱስ? ባለጉዳይዋን ሳይሰማ የሚፈርድ ሸንጎ ምን ሥልጣን አለው? ትጠየቅ።»

ናዝራዊት ክው አለች። የገዛ ቃሏ ነው፤ ራሷ ናት ያስጠናችው። «ባህላቸው ነው፣ ብናከብረው ምናለ» አለችው በእንግሊዝኛ።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?» ብሎ ሳቀ።

«ምን አለ እንግዳው?» አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

«በእርቃችሁ ደስ ብሎኛል ይላል» አለች።

«ኧረ እንዲህ አላለም!» አለ ከኋላ ሌንጮ፣ የአኖው የእንግሊዝኛ መምህር። «እናቲቱ ትጠየቅ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ናዝራዊትን ረጋ ብለው አዩዋት፤ ቁጣ እንኳ የለባቸውም። «ልጄ፣ ውሸት የተነገረበት ቦታ ላይ በግ አይታረድም። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩን። አሁን ነገሩ የሚጠራው በእውነት ብቻ ነው። ድርቤን ጥሯት።»

ፈረንጁማ እንግዳ ነው፤ ናዝራዊት ቃሉን እንዳለ ብትተረጉመው «እሺ፣ እሺ» ብለው አብልተው ይሸኙት ነበር። ምን አቀበጣት!

አዴ ድርቤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሽማግሌው ጠየቋት።

«የወለድኩት እኔ፣ ይቅር ባዩ ተረፋ!» አለች። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ከተጠየቅኩማ፣ አልተውኩም።»

ተረፋ አንገቱን ደፋ። የሟች ወንድሞች ግን ብድግ ብድግ አሉ። ኦቦ ዋቅወያ «ቆዩ! ቆዩ!» ቢሉም የሰማቸው የለም። ፈረንጁ «ምን አለች?» እያለ የናዝራዊትን ክንድ ይወዘውዛል።

«ተሰማች» አለችውና ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች። «ነብዩ፣ ሳይደርሱብህ አሁኑኑ ውጣ! ዕቃ አትያዝ።»

«የት ልሂድ?» አላት።

ከአባታቸው ጀምሮ የተወለዱት ነቀምቴ ነው። ጎጃም የሚያውቁት ዘመድ የላቸውም።