አልባሽ የሌላት

የስፔኗን ከተማ ኤሲኻን መጥበሻ የሚሏት በከንቱ አይደለም። በሐምሌ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከተኛበት ጥላ አይነሣም።

ሬዬስ መስኮቱን ዘግታ፣ መጋረጃውን አውርዳ፣ ጨለማው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። ጣቶቿ ሥራ ፈትተዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የደብሩን እመቤት ያለበሱ ጣቶች ከጰራቅሊጦስ ወዲህ ባቄላ ከመፈልፈል በቀር የነኩት ነገር የለም።

የደብሩ እመቤት ከእንጨት የተቀረጸች የማርያም ምስል ናት። የተቀረጸው ግን ፊቷና ሁለት እጇ ብቻ ነው፤ ሌላው አካሏ ልብስ እንዲሸከም የተሠራ ማገር ነው። በጾም ጥቁር ትለብሳለች፣ በትንሣኤ ነጭ፣ በኅዳር ደግሞ ለሙታን ሐዘን ትቀመጣለች። ልብሷን የምትቀይረው አልባሿ ናት። አልባሿ ስትገባ በሩ ይቆለፋል፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ይወጣል፣ ቄሱም ሳይቀር። ሴቶቹ ውስጥ ያዩትን ለባሎቻቸው እንኳ አያወሩም። የሬዬስ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ሲኖር አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ይኼን ሥራ ሬዬስ ከእናቷ ወረሰች፣ እናቷም ከእናቷ። ትምህርት ቤት የሄደችው ሁለት ዓመት ነው፤ መጻፍ ያታግላታል። አንድ ክንድ ዳንቴል ላይ አርባ ስፒል ሳይታይ መሰካት ግን ከእሷ ወዲያ የሚችል አልነበረም።

በጰራቅሊጦስ ማግስት አዲሱ የደብሩ ማኅበር አለቃ ዶን ጎንሳሎ ቤቷ ድረስ መጣ። «ሬዬስ፣ ብዙ ደክመሻል፤ ልናሳርፍሽ ነው» አላት። የደብሩን ቁልፍ ተቀበላት። ለካስ ከትልቋ ከተማ ከሴቪያ አንድ ስመ ጥር አልባሽ አስመጥቷል።

«ማን ናት?» አለች ሬዬስ።

«ናት ሳይሆን ነው። ወንድ ነው።»

«ወንድ!»

«ዘመኑ ነው እንግዲህ። በየከተማው እንዲህ ሆኗል።»

«እንግዲያው ዘመኑ ሚስትህንም ያልብስልህ!» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲህ ደብሩን አልረገጠችም። ጸሎቷን ወደ ግድግዳው ዞራ ታደርሳለች። አንድ ልማድ ብቻ አልለቀቃትም፤ ጠዋት ስትለብስ አሥራ ሁለት ስፒል ቆጥራ ደረቷ ላይ ትሰካለች። ማታ ደግሞ አንድም ሳይጎድል አሥራ ሁለቱንም ትነቅላለች።

ያን ቀን በሩን ሳታንኳኳ የገባችው ጎረቤቷ ፓስቶራ ናት፤ በአንድ እጇ ማራገቢያ፣ በሌላው የኪሮሽ ቦርሳ ይዛለች።

«ሬዬስ! ሞትሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያስ ተነሺ፣ ሙዚየም እንሂድ።»

«ምን ልሠራ? ሥዕል ልበላ?»

«ሥዕሉን ማን አየው! አየሩ ነው እንጂ። እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል። የሰፈሩ ሴት በሙሉ እዚያ ነው የምትውለው። እኔ ትናንት አንድ የተሰቀለ ቅዱስ ሥር ተቀምጬ ኪሮሼን ስሠራ ዋልኩ። ቅዱሱም ምንም አላለኝ።»

ሬዬስ ፈገግ ልትል ስትል ፓስቶራ ማራገቢያዋን ጥርቅም አድርጋ አጠፈችው። ፓስቶራ ማራገቢያዋን ካጠፈች ነገር አለ ማለት ነው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪ።»

«እንግዲህ ልቆጣ ነዋ።»

«እዚያ ፎቅ ላይ... አንዲት እመቤት አቁመዋል። ያለ ልብስ።»

ሬዬስ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የኛዋ ናት?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም። አፍሬ ሮጥኩ።»

በጸደይ ወራት ዶን ጎንሳሎ እመቤቲቱን ለእድሳት እንልካለን ሲል ሬዬስ በጆሮዋ ሰምታለች። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ያ ሰውዬ ለወንድ መስጠቱ አልበቃ ብሎት ራቁቷን ለአገር አሳያት! ሽርጧን ሳትፈታ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወጣች። ፓስቶራ ከኋላ ከኋላ እየሮጠች «ኧረ ጥላ ጥላውን ሂጂ፣ ትወድቂያለሽ!» ትላለች።

ሙዚየሙ የድሮ ገዳም ነው፤ ከሬዬስ ቤት ሦስት መንገድ ቢርቅ ነው። በኀምሳ ሰባት ዓመቷ ገብታበት አታውቅም። በሩ ላይ የሚጠብቀው ኩሮ የባሏ የዶሚኖ ጨዋታ ጓደኛ ነበር።

«እትዬ ሬዬስ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«የት ነው ያቆማችኋት?»

«ማንን?»

«አታድርቀኝ፣ ታውቃታለህ!»

ኩሮ ጫማውን አየ። «ፎቅ ነው፣ መጨረሻው ክፍል። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ነው የማደርገው፤ እግዜር ምስክሬ ነው።»

ፓስቶራ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ ቀረች። ሬዬስ ደረጃውን ወጣች። ግራና ቀኝ ሰማዕታት፣ መነኮሳት፣ መላእክት ተሰቅለዋል፤ አንዳቸውንም ዞር ብላ አላየች። አንዲት ንግሥት ላይ ብቻ ዓይኗ ለአፍታ አረፈ፤ የአንገቷ ዳንቴል በደንብ አልተተኮሰም።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነጭ መቆሚያ ላይ አንዲት እመቤት ቆማለች፤ መብራት ከላይ ይወርድባታል። ጸጉር የላትም፣ ራሷ የተላጨ ነው። ከአንገቷ እስከ ወገቧ በአሮጌ ጨርቅ የተለበጠ እንጨት ነው፤ ከወገቧ በታች እንደ ዶሮ ቅርጫት የተሰደሩ ጣውላዎች አሉ፤ በመካከላቸው ብርሃን ያልፋል።

ሬዬስ በመጀመሪያ ያየችው ፊቷን ነው። የእሷ እመቤት ጉንጮች ላይ አምስት እንባ አለ፤ እዚህች ላይ ሦስት ነው። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣትም ተሰብራለች።

የእሷ አይደለችም።

ደስ አላት። እፎይ ብላ ደረቷን ያዘች። ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቷ አሳፈራት። የሌላ ሰው ልጅ መንገድ ላይ ወድቃ አይታ «የኔ አይደለችም» ብላ ደስ የሚላት ምን ዓይነት ሴት ናት? ይህን እያሰበች ሳለ አንድ ቁምጣ የለበሰ ጎብኚ ስልኩን ይዞ አጎነበሰና በጣውላዎቹ መካከል ከሥር ወደ ላይ ማየት ጀመረ።

«አንተ! ዘወር በል! እናት የለህም?»

ሰውዬው ቋንቋውን አልሰማም፤ ዓይኗን ግን ሰምቶ ሸሸ። ሬዬስ የሽርጧን ቋጠሮ ፈታች። መቆሚያውን የከለለውን ገመድ ተሻገረች። ያንን ሰማያዊና ነጭ የወጥ ቤት ሽርጥ በእመቤቲቱ ወገብ ዙሪያ አዙራ ከኋላ አሰረችው። ሙዚየሙ በደወል ጩኸት ተናወጠ።

ኩሮ እየተንደረደረ መጣ፤ አየና ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እትዬ ሬዬስ፣ ምን ሠራሽ? እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

«ፊትህን አዙር!»

«አዙሬያለሁ እኮ!»

ከእሱ ኋላ የደረሰችው ቤጎኛ ናት፤ የክፍሉ ኃላፊ። ወጣት ናት፣ ከሰሜን ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ሽርጡን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ ምን አደረጉ? ይህ እንጨት እኮ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው! ሽርጡ ዘይት ቢኖረውስ?»

«ዛሬ ጠዋት የታጠበ ነው። አንቺ ነሽ እንዲህ ያቆምሻት?»

«እኔ ነኝ። ሰው የአናጺውን ጥበብ እንዲያይ ብዬ ነው።»

«የአናጺ ጥበብ ማየት የፈለገ አናጺ ቤት ይሂድ። ልጄ፣ እናትሽን ልብስ አስወልቀሽ አደባባይ ታቆሚያታለሽ?»

«እናቴ እንጨት አይደለችም» አለች ቤጎኛ፤ ካለች በኋላ ግን የሬዬስን ፊት አይታ ጸጸታት።

ሬዬስ አልጮኸችም። እንዴት እንደሚደረግ ነገረቻት፤ በሩ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ቄሱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሴቶቹ እንዴት ዝም እንደሚሉ። ኩሮ ፊቱን ሳያዞር ከግድግዳው ጋር እያወራ «እውነቷን ነው፣ ወይዘሪት። እኛ ስናድግ እንደዚያ ነው። ልነግርሽ አስቤ አፈርኩ» አለ።

ቤጎኛ ወደ ሬዬስ ቀረብ አለች። «እኔ አላወቅሁም። በኛ አገር ልብሷም አብሮ ከእንጨቱ ይቀረጻል። የሚወልቅ ነገር የላትም።» ከዚያ ቁጭ አለችና በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ሳምንት... ስንት ወንድ አልፏል በዚህ በኩል!»

«አልባሿ የት ሄዳ ነው ዝም ያለችው?» አለች ሬዬስ።

«የላትም። የነበረችበት ገዳም ከተዘጋ መቶ ዘጠና ዓመት ሊሆን ነው። መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ልብሷ ጠፋ። እዚህ ምድር ቤት በሣጥን ውስጥ ነበረች።»

ሬዬስ እመቤቲቱን ቀና ብላ አየቻት። መቶ ዘጠና ዓመት። እሷ ለሁለት ወር ሥራ ብትፈታ ዓለም የተገለበጠ መስሏት ነበር።

«እኔ አለብሳታለሁ።»

«አይቻልም። ደንብ አለ። ሴቪያ ላለው ኮሚቴ መጻፍ አለብኝ፤ መልስ እስኪመጣ...»

«ጻፊ። እኔ እዚህ ነኝ።» ሬዬስ የመቆሚያው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ሽርጡን የምትፈቺው ከሆነ ደግሞ በምን እንደምትሸፍኛት አስቀድመሽ አሳዪኝ።»

ኩሮ ለግድግዳው «ይቺ አትነሣም፤ ባሏን አውቀዋለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ክርክር አላሸነፋትም» አለው።

ቤጎኛ ሳትፈልግ ሳቀች። ሰዓቷን አየች፤ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፣ የመዝጊያ ሰዓት። ጎብኚው ወጥቷል። ወደ ምድር ቤት ወርዳ ዕቃ የሚጠቀለልበት፣ ታጥቦ የነጣ የጥጥ አቡጀዴ፣ ጥብጣብና ሁለት ጥንድ ጓንት ይዛ ተመለሰች።

«መሸፈን ይቻላል፤ ከአቧራ መጠበቅ ሥራዬ ነው። እንዴት እንደሚሸፈን ደንቡ አይናገርም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ ስፒል የለም። ብረት ይዝጋል፤ ያንን አሮጌ ጨርቅ ይበላዋል።»

«ያለ ስፒል?»

«አንድም ስፒል። ያለ ስፒል ካልተቻለ እተወዋለሁ፤ ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች።»

ሬዬስ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። አሥራ ሁለቱ ስፒሎች አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ስፒል አንዲት እጥፋት አቁማ አታውቅም። ከሴቪያ የመጣው አልባሽም አይችልም፣ ማንም አይችልም። ልትል ነበር። ሣጥኑን አሰበችና አላለችም። አንድ በአንድ እየነቀለች ለቤጎኛ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

ኩሮ ሲወጣ ቤጎኛ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ሁለቱ ሴቶች ሽርጡን ፈቱት።

የመጀመሪያው እጥፋት ተንሸራትቶ ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ሬዬስ ላቧን በክንዷ ጠረገችና ቆመች። ያኔ እናቷን ለቀብር ያለበሰችበት ቀን ትዝ አላት። እናቷ ራሷ ነበረች ድሮ «ሙት በስፒል አይወጋም፣ ልጄ፤ ጨርቁን ራሱን በራሱ አስይዢው» ያለቻት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ አንድ ቀን ብቻ፣ ጣቶቿ ያለ ስፒል ሠርተዋል። አሁን ጨርቁን መለሰችው፤ አንዱን እጥፋት በሌላው አስነከሰች፣ በጥብጣብ ወገቧ ላይ ጠበቅ አደረገች፣ የተላጨውን ራስ ሸፍና ፊቷን እንደ መነኩሴ ከበበችው፤ የተረፈውን ጨርቅ በተሰበረችው ጣት ላይ አሳለፈችው።

«እዚህ ጋ ያዢልኝ፣ ልጄ። ጠንከር አድርገሽ አይደለም። እንደ ሕፃን እጅ።»

ቤጎኛ ያዘች። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሲጨርሱ ሬዬስ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየች። ቀሚሱ ተራ አቡጀዴ ነው፤ ወርቅ የለው፣ ዳንቴል የለው። አልወደቀም።

ቤጎኛ አንድ ቅጽ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ዕቃውን የነካ ሰው መመዝገብ አለበት። ስምዎ?»

«ሬዬስ ካራስኮ።»

«ሥራዎ?»

ከጰራቅሊጦስ ወዲህ ይህን የጠየቃት የለም። «አልባሽ» አለች።

ቤጎኛ ጻፈች፤ ስፒሎቹንም መለሰችላት። «ኮሚቴው አይሆንም ሊል ይችላል፤ ላታልልዎት አልፈልግም። አውልቁ የሚል ደብዳቤ ቢመጣ...»

«ሲመጣ ጥሪኝ። ማውለቅም የኔ ሥራ ነው። በሩ ግን ይቆለፋል።»

ውጭ ኩሮ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሲከፍቱት «አሁን ልዙር?» አለ።

«ዙር።»

ዞረ። ካየ በኋላ ባርኔጣውን አወለቀ።

ፓስቶራ ከበሩ ማዶ፣ ጥላ ውስጥ፣ ማራገቢያዋን እያርገበገበች ትጠብቅ ነበር። የሬዬስ ቀሚስ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል፤ ሽርጧ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የኛዋ ናት?»

«አይደለችም።»

«ተመስገን! እና እስካሁን ምን ስትሠሪ ቆየሽ? ነገርኩሽ አይደል፣ አየሩ አይጣፍጥም?»

ሬዬስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ደረቷ ላይ እየሰካች ነበር።

«የምን አየር?» አለች።