የደብሪቱ እንሶስላ

ቀይ ነው እግሯ... ከነጩ አንሶላ ጫፍ ብቅ ያለው፣ ከጥፍሯ እስከ ተረከዟ በእንሶስላ የቀላው፣ የአራሷ እግር።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ናቸው ያሞቋት። ሥሩን ወቅጠው፣ እግሯን በጨርቅ ጠቅልለው፣ «ልጄ አምራ ትውለድ» ብለው። አምራ ወለደች ደብሪቱ፤ ወንድ ልጅ። ከዚያ መጣ ትኩሳቱ፣ ከትኩሳቱ በኋላ መንቀጥቀጡ... ከማህፀኗ የተነሳው ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገባ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስተኟት።

ነርሷ ሲስተር ምንትዋብ ናት። ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ የምትውል፣ ቁጭ ማለት የማታውቅ።

ጠዋት ስትገባ የደብሪቱ የደም ግፊት ዝቅ ቢልም አልወደቀም። አንቲባዮቲኩም በደም ሥሯ እየገባ ነው። ወደ ግርጌ አየች። ቀይ ነው እግሯ። ደም እየደረሰው ነው አለች በልቧ፣ ደስም አላት። ጎረቤት አልጋ ላይ ማሽኑ ይጮህ ነበርና አለፈች።

አለፈች...

ረፋዱ ላይ ብቅ ስትል ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ቆመዋል።

«እንዴት ሆነችልኝ ልጄ?»

«አይዞዎት እማማ፣ እግሯም መልክ አለው።»

«የኔ እጅ ነዋ! ወር ሙሉ አይለቅም» አሉ፣ የራሳቸውን የቀሉ ጣቶች እያሳዩ።

ምንትዋብ ክው አለች።

ተመልሳ ሮጠች። የደብሪቱን የእግር ጥፍር ጫን አደረገች፤ ቀይ ነው። ለቀቀች፤ ያው ቀይ። ነጣ ብሎ ደም ሲመለስበት የሚታይ ነገር የለም። እግሯን ጨበጠች፤ በረዶ። አንሶላውን ገለጠች... ጉልበቷ ወይን ጠጅ መስሎ ተዥጎርጉሯል፤ ደም እየደረሰው አይደለም።

እንሶስላ አይሞቅም ጉልበት። አይዋሽም ጉልበት።

ዶክተሩ መጣ። በደም ሥሯ ፈሳሽ ተጨመረ፣ የደም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ተጀመረ፣ ኦክስጅን ተጨመረ። ምንትዋብ አሁን የደብሪቱን ፊት አታይም፣ እግሯን አታይም፤ ጉልበቷን ብቻ ነው የምታየው። ወይን ጠጁ ወደ ላይ ወጣ። ወደ ታፋዋ ወጣ። ሰው ቢረባረብም ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ልቧ ቆመ። ደረቷን እየተቀባበሉ ጫኑ፣ ላብ በላብ እስኪሆኑ ጫኑ... አልተመለሰችም ደብሪቱ።

«ስትመጣም ከብዶባት ነበር» አለ ዶክተሩ፣ ምንትዋብን እያየ። እውነቱን ነው። እሷ ግን የምታስበው ያቺን ጠዋት ነው፤ ደስ ብሏት ያለፈችባትን።

ክልክል የነበረው በር ለወይዘሮ አስካለ ተከፈተ። ወደ ፊቷ አልሄዱም፤ ወደ ግርጌ ሄዱ። በቀሉት እጆቻቸው እግሯን ያዙ፣ አሹ፣ ትንፋሻቸውን እፍ አሉበት።

«ቀይ ነው እኮ... ሲስተር፣ ቀይ ነው እኮ እግሯ! መልክ አለው አላልሽኝም?»

ምንትዋብ አጠገባቸው ተንበርክካ ሌላኛውን እግር ያዘች።

ቀይ ነው እግሯ... ገና ወር ሙሉ አይለቅም።