የታጠበው አሸዋ

ልብስ ተኳሿን «ንጽሕና ትወዳለች» ብሎ ማለፍ እሷን አለማወቅ ነው። መውደድ ብቻማ ምን ነበረበት! እንግዳ ከተቀመጠበት ሲነሳ፣ ገና በሩን ሳይወጣ ወንበሩን ትወለውላለች። ሸሚዝ ላይ ያለች ነጠብጣብ ከመንገድ ማዶ ትታያታለች። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደንበኞች ይህንን ይወዱላታል። ጣጣው የወጣው ሁለት ዓመት በሞላው ልጇ ላይ ነው።

ልጁን ቤት ውስጥ «ዳኛው» ይሉታል። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ይልና ሰው ያያል እንጂ ምንም ነገር አይነካም። ሙዝ ጣቱ ላይ የተጣበቀ እንደሆነ ሰፈር ያቀልጠዋል። እናቱ በማንኪያ ካላበላችው ደግሞ እህል ባፉ አይዞርም።

ወደ ሥራ የምትመለስበት ጊዜ ደረሰና ሕፃናት ማቆያ ወሰደችው። የማቆያው ኃላፊ ብስኩት ስትዘረጋለት ዳኛው ብስኩቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን ከጭኑ አላነሳም።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለቻት ኃላፊዋ። «ያን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ በማንኪያ የማበላበት እጅ የለኝም። በእጁ ካልበላ ሲራብ ሊውል ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ቆሜ ማየት አልችልም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«አጫውቺዋ! ውኃ፣ ዱቄት፣ አሸዋ፣ የተቀቀለ ፓስታ፣ ቤት ያፈራውን ስጪው። ይዳብስ፣ ያቡካ፣ ይደፋፋ። ሳንቲም አያስወጣሽም። ሰኞ አምጪውና እናየዋለን።»

ልብስ ተኳሿ ክው አለች። አሠሪዋ ከሰኞ አንድ ቀን ብታልፍ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ቁርጡን ነግሯታል።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ ያን ቀን ማታ ቤት ከሚሠራ ጎረቤት አንድ ላስቲክ አሸዋ ለምኖ አመጣ። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አሸዋውን በሳሙና አጠበችው! አለቀለቀችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ በወንፊት ነፋችው። ልጁ የሚቀመጥበትን ጨርቅ ደግሞ በካውያ ተኮሰችው።

«አሸዋውንስ ለምን አልተኮስሽውም?» አላት ባሏ።

«አንተ ቀልድ! ልጁ ቢታመም የምታስታምመው አንተ ነህ?»

ዳኛው አሸዋውን በአንድ ጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ። እናት ወዲያው ጣቱን ጠረገችለት። በማግስቱ ምስር ከኩባያ ወደ ኩባያ እንዲገለብጥ ሰጠችው፤ ሁለት ፍሬ እንደነካ ጠረገችው። ዱቄት አቀረበች፣ ጠረገች። ውኃ አቀረበች፤ ኧረ ውኃውንም ጠረገች! ቅዳሜ ላይ ዳኛው ገና ምንም ሳይነካ አሥሩንም ጣቶቹን ዘርግቶ ይጠብቃት ጀመር።

ባሏ በሳቅ ፈነዳ። «አንቺ ሴት፣ ልጁ እኮ ጨዋታው መጠረግ መስሎታል!»

እሷ ግን አልሳቀችም። ሆድ ባሳት፤ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ልጁን እንዲህ ያደረገችው ራሷ እንደሆነች የገባት ያኔ ነው።

እሑድ ድንች ቀቅላ ፈጨችና በሰፊ ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዳኛው እንደ ልማዱ ጣቶቹን ዘረጋላት። እሷ ሁለት እጇን ድንቹ ውስጥ እስከ አንጓዋ ነከረች። ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ፤ ተነሥታ ወደ ቧንቧ መሮጥ አማራት። ጠጉሯ ዓይኗ ላይ ሲወድቅባት ስትገፋው ጉንጯ በድንች ተለቀለቀ።

ዳኛው ዓይኑ ፈጠጠ። ተነሣ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ቀረባትና ጉንጯን በጣቶቹ ጠረገላት። ቁርጥ እሷን! ከዚያ ድንች የተለቀለቁ ጣቶቹን እያየ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ እንድትጠርግለትም ዘረጋላት።

«እኔም እጄ ሙሉ ነው፣ የኔ ጌታ። ምን ይሻለናል?» አለችውና የራሷን ጣት ላሰች።

ልጁ አያት። ጣቱን ቀስ ብሎ አፉ ከተተ።

ጩኸት የለም! ሁለተኛውን ጣት ላሰ፣ ከዚያ ትሪው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ይዝቅ ገባ። ባሏ ጉዱን ከበሩ ሲያይ ፎጣ ይዞ ሮጠ።

«ንካውና ውርድ ከራሴ!» ብላ ጮኸችበት፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ካለው ድንች ጋር ይወርዳል።

ዳኛው አንድ ጉርሻ ሲዝቅ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ጎንበስ ብሎ ለቀመውና ወደ እናቱ አፍ አቀረበው። አንዲት ጥቁር ጠጉር ተጣብቃበታለች። ልብስ ተኳሿ አይታታለች፤ እንዴት አታያት!

አፏን ከፈተች።