ሥርጉት ቭሬድና የተባለች ጊዜ

ወይዘሮ ሚሊትሳ ሰው በደወለላቸው ቁጥር ሥርጉትን ሳያመሰግኑ ስልክ አይዘጉም ነበር። ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ባለው አፓርታማቸው፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው በሰርብኛ ሲያወሩ ሲያወሩ ይቆዩና፣ ወደ ሥርጉት በአገጫቸው እያመለከቱ «ቭሬድና፣ ቭሬድና» ይላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሥርጉት አስታማሚያቸው ናት። ከሚናገሩት ከአሥሩ ዘጠኙን ሥርጉት አታውቀውም፤ ይችን ቃል ግን ያዘቻት። ሰው ሲመሰገን መቼም ቋንቋ አይቸግረውም።

ቢሆንም አጣርታ ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናትና ቃል እጇ ከገባ አትለቅም። መጀመሪያ የሌና የምትባለውን የወይዘሮዋን ልጅ ጠየቀች።

«ሃርድ ወርኪንግ ማለት ነው» አለቻት የሌና፣ የመኪናዋን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች።

ይኼ ለሥርጉት አነሳት። ሃርድ ወርኪንግማ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነው፤ ሁለት ሥራ ያልያዘ ማን አለ? ስልኳን አወጣችና መተርጎሚያው ላይ አስገባችው። ስልኩ ለጋስ ሆነ። ዲሊጀንት አለ፣ ኢንደስትሪየስ አለ፣ ቫልዩብል አለ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ዎርዚ አለ። ሥርጉት ሆዬ ደብተር አውጥታ ለእያንዳንዱ አማርኛ ፈለገችለት፦ ትጉህ፣ ታታሪ፣ ውድ፣ የተገባት። ከአራቱ የመጨረሻውን ወደደች። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ እጅ ተዘርግቶ ለጌታ የሚባለው ቃል ለእሷም ሲደርስ ትንሽ ደንገጥ አለች፤ ደንገጥ አለች እንጂ አልሰረዘችውም።

እንግዲህ ሥርጉት ሌላም ሥራ ነበራት፣ ደሞዝ የሌለው። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የስልክ ጸሎት አለ። ከሎስ አንጀለስም ከሲያትልም ከዳላስም ምእመናኑ አንድ ቁጥር ይደውላሉ፣ «አሜን» ለማለት ካልሆነ በቀር ሁሉም የየራሱን ድምፅ ያጠፋል፣ አንድ ሰው ይመራል። መስመሩን የሚያስተባብሩት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ሥርጉት ስትመራ ሰው ያለቅሳል ይባላል፤ እሷም ይህንን ሰምታለች።

ችግሩ ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ገበታዋ ላይ መሆኗ ነው። የቀጠራት የአስታማሚዎች ኤጀንሲ ደንብ ስልክ ይከለክላል። ወይዘሮ ሚሊትሳንም ለቤቱ ሥራ ካልሆነ በቀር ለብቻቸው ጥሎ መውጣት አይፈቀድም። ጸሎት ደግሞ ጮክ ካላሉት ለሥርጉት ጸሎት አይመስላትም። ስለዚህ ሁለት ንጹሕ ፎጣ ቅርጫት ውስጥ ትጥልና በር ላይ ቆማ «ማማ ሚሊትሳ፣ ላውንደሪ!» ትላለች።

«ቭሬድና» ይላሉ እሳቸው።

ታች ከፓርኪንጉ አጠገብ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትወርዳለች፣ ቅርጫቱን ማሽን ላይ ታስቀምጣለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስድስት ወር እንዲህ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ምን አላት?

በዚያ ሐሙስ የመምራት ተራው የእሷ ነበር። የጸሎት ርዕሱ በዛ። የአንዷ ምራት የቪዛ ኢንተርቪው አለባት፣ የአንዱ ወንድም ኩላሊቱን ታሟል፣ የዳላሷ እህት የነርስነት ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንዱን ጠርታ ሌላውን መዝለል ከበዳት፤ ደግሞም ከወዲያ ማዶ የሚሰማው «አሜን» ደስ ይላል። ዓይኗን ስትገልጥ አርባ ደቂቃ ሆኗል።

ወይዘሮ ሚሊትሳን ያገኘቻቸው ማድ ቤት፣ ወለሉ ላይ ነው። ግራ እጃቸው ከሥራቸው ተጣጥፏል። ድምፃቸው ሻክሯል።

«ውሃ ፈልጌ ነው» አሉ ይህችን በምታህል እንግሊዝኛቸው። «ጠራሁሽ። አልሰማሽም። ማሽኑ ይጮሃላ።»

ማሽኑ አልጮኸም ነበር። የጮኸችው ሥርጉት ናት።

አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ተገባ፣ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ተገኘ። የሌና ከሥራዋ እየሮጠች ስትደርስ እናቷ ከአልጋው ላይ ብዙ ተናገሩ፤ በመሐሉ ያች ቃል ሁለት ጊዜ ወጣች።

«አንቺ ልብስ ልታጥቢ ወርደሽ ሳለ በራሷ ጥፋት እንደተነሳች ነው የምትለኝ» አለቻት የሌና፣ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ። «ሥርጉትን እንዳትቆጪያት ብላኛለች።»

ሥርጉት የወይዘሮዋን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

ማታውን እትዬ ሙሉነሽ ደወሉላት።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ! አየሽ የጠላትን ሥራ? ዳሌያቸውን ነበር ያለመው እኮ! አንቺ ጸሎት ላይ ስለነበርሽ በእጅ ተመለሰ!»

«እትዬ፣ እኔኮ ጥያቸው ነው የወረድኩት።»

«ለጌታ ብለሽ ነዋ!»

«እሳቸውን ላውንደሪ ነው ያልኳቸው።»

«እሱን መናገር አያስፈልግም» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «እሑድ ምስክርነት ትሰጫለሽ። ስምሽን አስይዣለሁ።»

እሑድ ሥርጉት ጉንፋን ያዘኝ ብላ ቀረች። ይኸው ሌላ ውሸት። ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትውል፣ እውነተኛ ጉንፋን ቢይዛት ምንኛ በወደደች።

ሰኞ ወይዘሮ ሚሊትሳ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ቤታቸው ገብተዋል። የሌና ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጠበቀቻት። ሰው በወደቀ ጊዜ ኤጀንሲው አስታማሚዋን ሊያነሳት ይችላል፤ ቤተሰብ በጽሑፍ ካልመሰከረላት።

«ነይ ተቀመጪ። እማማ ያለ አንቺ አልኖርም ብላለች። ቭሬድና የሚለው ቃል ካልገባበት ደግሞ አልፈርምም ትላለች። እንዴት አድርጌ በእንግሊዝኛ ልበለው?»

«ሃርድ ወርኪንግ ብለሽኝ አልነበር?»

«ያን ቀን ቸኩዬ ነው። ሃርድ ወርኪንግማ ለፈረስም ይሆናል።» የሌና ሳቀች። «ዲሊጀንት ካልኩ ደግሞ የተማሪ ሪፖርት ካርድ ይመስላል። ኢንደስትሪየስ የፋብሪካ ሽታ አለው። ቭሬድና እኮ እኛ ጋ ለጉንዳን ይባላል፣ ለንብ ይባላል። ማንም ሳያያት የምትሠራ ናት፣ ገባሽ? ዞር ብትዪላትም ያው ናት።»

ሥርጉት ጉልበቷን አየች።

«ደግሞ ያው ቃል ዋጋም አለበት። የወርቅ ቀለበት፣ በወንድ አጠራር፣ ቭሬዳን ነው። የሚታመንም ሰው፣ አደራ የምትሰጪው፣ ‹እምነት ቭሬዳን› ነው እንላለን፤ ለእምነት የተገባ። እማማ ስትልሽ ሁሉንም ባንድ ላይ ነው የምትልሽ። እንግሊዝኛው ግን ይበታትነዋል።» ጣቶቿን አፍታታችና መጻፍ ጀመረች። «እንዲህ ብለውስ? ‹ዎርዚ ኦፍ አወር ትረስት›።»

ሥርጉት ራሷ መርጣ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ቃል ነበር። አሁን ሌላ ሰው ሲጽፈው ስታይ፣ በሰው ፊት ልብሷ የተገፈፈ ያህል ተሰማት። ፊቷ ነደደ።

«አትጻፊው።»

«ምነው? ከበደ?»

«ላውንደሪ አልነበርኩም። እዚያው ክፍል ነበርኩ፤ ግን የሚታጠብ የለም። በስልክ ስጸልይ ነበር።»

የየሌና ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። «ስንት ደቂቃ?»

«አርባ።»

«ያን ቀን ብቻ?»

«ሐሙስ ሐሙስ። ስድስት ወር።»

አልጮኸችባትም። ብትጮህባት በተሻላት። ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችው። እናቷ ከወንበራቸው ሆነው ምን ተባለ እንደማለት ቀና አሉ።

«ራስሽ ንገሪያት» አለች የሌና። «እኔ አልተረጉምልሽም።»

ሥርጉት ሄዳ ወንበራቸው አጠገብ ተንበረከከች። ጀሶ የሌለበትን እጃቸውን ያዘች። በእንግሊዝኛም፣ በእጅም፣ በዓይንም ሞከረች፤ ላውንደሪ፣ ኖ። ስልክ። ዓይኗን ጨፍና እጇን አነሳችና አሳየቻቸው። ውሸት ነግሬዎት ነበር፣ ማማ። ሲጠሩኝ እዚያ ነበርኩ፣ አልሰማሁም።

ወይዘሮ ሚሊትሳ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብትፈልግ አጣች። ይልቁንም አንዳች የመለሳለስ ነገር መጣባቸው፤ ጸሎት መሆኑ ገብቷቸዋል።

«ጸሎት» አሉ። «ለእኔ?»

በጸሎቱ ውስጥ ምራቲቱ ነበረች። ኩላሊቱ ነበረ። የዳላሷ ነርስ ነበረች። በስድስት ወር ሐሙስ ሁሉ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ሚሊትሳ የሚል ስም ከአፏ አልወጣም። አዎ ብትላቸው ማን ያውቅባታል? ጸሎቱ በአማርኛ ነው።

«ኖ፣ ማማ» አለች። «ለእርስዎ አይደለም።»

አሮጊቷ እጃቸውን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡና ጀሶው ላይ አሳረፉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ለልጃቸው በሰርብኛ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ሥርጉት ትርጉሙን አልጠየቀችም።

የሌና ባዶ ገጽ ከፈተች።

«ኦኬ» አለች። «ለኤጀንሲው የሆነውን ከመጀመሪያው እንጻፈው። ሐሙስ ዕለት ስንት ሰዓት ላይ ነው የወረድሽው?»

ሥርጉት ከተንበረከከችበት ተነሥታ እንደቆመች ነገረቻት።